ከማጣሪያው ውጭ የሚቀሩት ረድፎች

የስታትስቲክስ ፕሮግራሚንግ መማሪያዎች ረድፍ መምረጥን የሚያስተምሩት ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነው፤ ቶሎም ያልፉታል። የሠንጠረዡን ስም መጻፍ፣ ካሬ ቅንፍ መክፈት፣ መስፈርቱን ማስቀመጥ፣ ቅንፉን መዝጋት፤ መስፈርቱን ያሟሉት ረድፎች ተለይተው ይመጣሉ፣ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። ተማሪው ከዚያ በኋላ ወደ ግራፉና ወደ ሞዴሉ ይቸኩላል፤ አይፈረድበትም፣ የሚያጓጓው እሱ ነውና። እኔ ግን የሌላ ሰው ስክሪፕት፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ በተራ የተጻፉ ትእዛዞች፣ እንድገመግም ሲሰጠኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው እነዚያን አጫጭር የመምረጫ መስመሮች ነው። ሞዴል ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ወይ አልሠራም ይላል፣ ወይ የማይታመን ቁጥር ያወጣል፣ ወይ ግራፉ ላይ ያስታውቃል። ማጣሪያ ሲበላሽ ግን የሚወጣው ነገር ጤነኛ ሠንጠረዥ ይመስላል፤ ዓምዶቹ በቦታቸው ናቸው፣ ቁጥሮቹም እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው፣ የጎደለው ደግሞ ጎድሏልና አይታይም።

ጉዳዩን ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሊሞክረው በሚችለው ሠንጠረዥ ማየት ይሻላል። አር ከተባለው ቋንቋ ጋር አብሮ የሚመጣው «ኤርኳሊቲ» እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በኒውዮርክ በየዕለቱ የተመዘገበ የአየር መረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፣ በድምሩ 153 ረድፎች አሉት፤ 6ቱ ዓምዶች ኦዞን፣ የፀሐይ ጨረር፣ ንፋስ፣ ሙቀት፣ ወርና ቀን ናቸው። ከ153ቱ ቀናት በ37ቱ የኦዞን ልኬት የለም፤ በቦታው የተቀመጠው አር የጎደለ እሴትን የሚያመለክትበት «ኤንኤ» ነው። ኦዞን ከ100 በላይ የሆነባቸውን ቀናት በተለመደው የካሬ ቅንፍ አጻጻፍ ስንጠይቅ 44 ረድፎች ይመጡልናል። ከ100 በላይ የተለካባቸው ቀናት ግን 7 ብቻ ናቸው። የተቀሩት 37 ረድፎች ከዳር እስከ ዳር በኤንኤ የተሞሉ ናቸው፤ በዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ሙቀታቸው፣ ንፋሳቸው፣ ወራቸውና ቀናቸው በሥርዓት ተጽፎ የነበረ ቢሆንም እዚህ ሲደርሱ ሁሉም ነገራቸው ጠፍቷል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ቅንፉ ውስጥ የሚከናወነውን ሥራ ለሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። የጻፍነው መስፈርት ረድፎቹን በቀጥታ አይነካም። መጀመሪያ ከሠንጠረዡ ተነጥሎ አንድ ረጅም የመልስ ቬክተር፣ ማለትም በተራ የተደረደሩ መልሶች ዝርዝር፣ ይሠራል፤ ለ153 ረድፎች 153 መልሶች። ከዚያ በኋላ ነው ቅንፉ ያንን ቬክተር ይዞ ረድፎቹን አንድ በአንድ የሚያሳልፈው ወይም የሚያስቀረው። መልሱ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ልኬቱ የጠፋበት ቀን «ከ100 ትበልጣለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሐቀኛው መልስ «አይታወቅም» ነው፤ አርም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። «አይታወቅም» የራሱ ሥርዓት ያለው ሦስተኛ መልስ ነው። ከሐሰት ጋር በ«እና» ሲያያዝ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል፤ ምክንያቱም አንዱ ወገን ከወደቀ የሌላው ማንነት ለውጥ አያመጣም። ከእውነት ጋር በ«ወይም» ሲያያዝም በተመሳሳይ ምክንያት እውነት ይሆናል። በቀሩት ሁኔታዎች ግን አለማወቁ እንደተሸከመው ይዘልቃል። አንድን እሴት «ከኤንኤ ጋር እኩል ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ኤንኤን የሚመልሰውም ለዚህ ነው፤ የጎደሉትን ለመለየት ለዚሁ የተዘጋጀውን ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ ዝግጁ ትእዛዝ፣ መጠቀም ግድ ይላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሎጂክ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሁለተኛው እርምጃ ነው፤ «አይታወቅም» የሚል መልስ ይዞ የመጣ ረድፍ በሩ ላይ ሲደርስ ምን ይደረግ? የአር ካሬ ቅንፍ ረድፉን ያሳልፈዋል፣ ነገር ግን ማንነቱን ገፍፎ። የዚያው የአር «ሰብሴት» ፈንክሽንና በአር ላይ የሚጨመረው የ«ዲፕላየር» ጥቅል «ፊልተር» ሳይናገሩ ያስቀሩታል። የዳታቤዝ ቋንቋ የሆነው ኤስኪውኤልም የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። በፓይተን የሚሠራው ፓንዳስ ደግሞ በተለመደው የአሥርዮሽ ቁጥር ዓምድ ላይ ከዚያ ቀደም ብሎ ይወስናል፤ ንጽጽሩ ሲሠራ ለጎደለው እሴት «ሐሰት» ብሎ ይመልስና ሦስተኛው መልስ ገና ከመወለዱ ይጠፋል።

ልዩነቱ የሚጎላው ጥያቄውን ስንገለብጠው ነው። ኦዞን ከ100 በላይ የሆነባቸው ቀናት 7 ከሆኑ፣ ያልሆነባቸው ስንት ናቸው? መስፈርቱን ሳንለውጥ ከፊቱ የአፍራሽ ምልክት ብቻ አድርገን ብንጠይቅ ዲፕላየር 109 ይለናል። 7 እና 109 ሲደመሩ 116 ናቸው እንጂ 153 አይደሉም፤ 37ቱ ቀናት በአዎንታውም በአሉታውም በኩል የሉም። ፓንዳስ ለዚያው ጥያቄ 146 ረድፎችን ያመጣል፤ ለጎደለው የተሰጠው «ሐሰት» በአፍራሹ ምልክት ተገልብጦ እውነት ስለሚሆን 37ቱም ከነሙቀታቸውና ከነንፋሳቸው ይገባሉ። የአር ካሬ ቅንፍም 146 ረድፎችን ያመጣል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ 37ቱ ባዶ ናቸው። እንግዲህ ሁለት መሣሪያዎች ተመሳሳይ የረድፍ ቁጥር ሰጥተው ይዘቱ ሲለያይ እናያለን፤ ውጤትን በረድፍ ብዛት ብቻ የሚያመሳክር ሰው እዚህ ላይ ምንም አይጠረጥርም። በፓንዳስ ውስጥ ደግሞ ከዚህም የባሰ አለ። «ከ100 በላይ ያልሆነ» ማለትና «100 ወይም ከዚያ በታች የሆነ» ማለት ለሒሳብ ሰው አንድ ናቸው፤ ፓንዳስ ግን ለመጀመሪያው 146፣ ለሁለተኛው 109 ይመልሳል። አረፍተ ነገሩን ለማሳመር ሲል መስፈርቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የቀየረ ሰው ሳያውቀው 37 ቀናትን ከናሙናው ያስወጣል።

ብዙ ሰዎች የአርን ካሬ ቅንፍ በዚህ ጠባዩ ይጠሉታል። ባዶ ረድፎች ማን ይፈልጋል? ማስተማሪያዎችም ቶሎ ወደ ፊልተር እንድንሻገር ይመክራሉ፤ እኔም በዕለት ሥራዬ የምጠቀመው ፊልተርን ነው። ሆኖም ምርጫ ከተሰጠኝ ለጀማሪ መጀመሪያ የማሳየው የካሬ ቅንፉን ነው፤ ምክንያቱም እነዚያ አስቀያሚ ረድፎች ቢያንስ አለሁ ይላሉ። ከውጤቱ ላይ አማካይ ሙቀት ለማስላት የሞከረ ሰው ኤንኤ ይመለስለትና ቆም ብሎ እንዲያስብ ይገደዳል። ፊልተር ይህን ውለታ አይውልለትም፤ ጥርት ያለ ሠንጠረዥ አስረክቦ ያሰናብተዋል።

ዝምታው ለምን እንደሚያሳስበኝ የሚገባው 37ቱ ቀናት የት የት እንደተኙ ሲታይ ነው። በአምስቱ ወራት ላይ ተበትነው ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የናሙና ማነስ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን 21ዱ የሚገኙት በአንድ ወር፣ በጁን ውስጥ ነው። ከ30 የጁን ቀናት የተለኩት 9 ብቻ ናቸው፤ ከሴፕቴምበር ግን የጎደለው 1 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ «የኦዞን ልኬት ያላቸውን ረድፎች ብቻ ውሰድ» የሚለው ንጹሕ የሚመስል መስመር በተግባር «ጁንን አብዛኛውን ጣል» ማለት ነው። በየትኛውም ዓምድ ላይ ምንም ያልጎደለባቸውን ረድፎች ብቻ እንምረጥ ብንል 111 ይቀራሉ፤ ከእነዚህም የጁን ድርሻ ያው 9 ነው። ብዙ የሞዴል ፈንክሽኖች ይህንን ምርጫ እኛ ሳንጠይቃቸው በራሳቸው ያደርጋሉ፤ የአር የመስመራዊ ሞዴል ፈንክሽን ለምሳሌ የጎደለባቸውን ረድፎች ጥሎ ይሠራና ስንት እንደጣለ የሚነግረን በማጠቃለያው ግርጌ በአንድ አጭር መስመር ነው። ከዚያ ሠንጠረዥ ተነስቶ ስለ ወቅቱ አጠቃላይ የኦዞን መጠን የሚናገር ሰው የሚናገረው በአመዛኙ ስለ ሌሎቹ አራት ወራት ነው።

የጎደሉ እሴቶች በሌሉበት ዓምድም ቢሆን ሰላም የለም። የወር ዓምዱ ሙሉ ነው፤ ከ5 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮች ብቻ ይዟል። የሜይ፣ የጁላይና የሴፕቴምበር ቀናትን ለመምረጥ ፈልገን ወሩ ከ5፣ ከ7 እና ከ9 ዝርዝር ጋር እኩል ይሁን ብለን በሁለት የእኩል ምልክት ብንጽፍ፣ መገኘት የነበረባቸው 31፣ 31 እና 30 ቀናት ናቸው፤ በድምሩ 92። አር የሚመልሰው 32 ነው። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስህተት የሚል ጽሑፍ የለም። የሆነው ነገር ይህ ነው፤ የእኩል ምልክቱ «ከእነዚህ አንዱ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ጎን ለጎን ያነጻጽራል እንጂ። አጭሩን ዝርዝር ደጋግሞ እስከ 153 ያስረዝመዋል፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ረድፍ ከ5፣ ሁለተኛውን ከ7፣ ሦስተኛውን ከ9፣ አራተኛውን እንደገና ከ5 ጋር ያወዳድራል። በዚህ መንገድ የሜይ ቀናት የሚያልፉት ተራቸው 5 ላይ ሲውል ብቻ ነው፤ 11 ያልፋሉ። ከጁላይ 11፣ ከሴፕቴምበር 10። 153 ለ3 ያለ ትርፍ ስለሚካፈል አር የሚያጉረመርምበት ምክንያት አያገኝም። ሁለት ወራት ብቻ ብንጠይቅ ኖሮ 153 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ርዝመታቸው አልተስማማም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ስህተቱ መታየት አለመታየቱ የሚወሰነው የረድፎቹ ቁጥር በምን እንደሚካፈል ነው! ትክክለኛው መንገድ የአባልነት ምልክቱን መጠቀም ነው፤ በአር በሁለት የመቶኛ ምልክቶች መካከል የሚጻፈው፣ በፓንዳስ «ኢዝኢን»፣ በኤስኪውኤል «ኢን»። የውጤቱ 32 ረድፎች ከሦስቱም ወራት የመጡ መሆናቸው ነገሩን ይበልጥ ተንኮለኛ ያደርገዋል፤ ወራቱን ዘርዝሮ ያየ ሰው 5፣ 7 እና 9ን አግኝቶ ሊረካ ይችላል።

በአር ውስጥ ሌላም ወጥመድ አለ። የማይፈለጉትን ረድፎች ተራ ቁጥር ፈልጎ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት በማድረግ መጣል የተለመደ አጻጻፍ ነው። ኦዞን ከ200 በላይ የሆነባቸውን ቀናት በዚህ መንገድ እንጣል ብንል፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ትልቁ ልኬት 168 ስለሆነ የሚጣል ረድፍ አይኖርም፤ የምንጠብቀውም 153ቱ ረድፎች እንዳሉ እንዲመለሱ ነው። የሚመለሰው ግን ባዶ ሠንጠረዥ ነው። የሚጣል የለም ማለት ባዶ ዝርዝር ነው፤ የባዶ ዝርዝር አሉታም ባዶ ዝርዝር ነው፤ በባዶ ዝርዝር መምረጥ ደግሞ ምንም አለመምረጥ ነው። ሎጂኩን ተከትዬ ስሄድ ስህተት የምለው ነጥብ አላገኝም፤ ያም ሆኖ ይህንን አጻጻፍ በማንም ስክሪፕት ውስጥ ሳይ እንዲቀየር እጠይቃለሁ።

ረድፍን በመስፈርት ሳይሆን በተራ ቁጥር መምረጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አር የሚቆጥረው ከ1 ነው፣ ፓይተን ከ0። በአር ቅንፍ ውስጥ ያለ አሉታዊ ቁጥር «ያንን ረድፍ ጣል» ማለት ነው፣ በፓይተን ግን «ከመጨረሻው ቁጠር» ማለት ነው። ፓንዳስ ሁለት በሮች አሉት፤ «አይሎክ» በአቀማመጥ ይመርጣል፣ የመጨረሻውንም ቁጥር አይጨምርም፤ «ሎክ» በረድፉ መለያ ይመርጣል፣ የመጨረሻውንም ይጨምራል። ከ0 እስከ 5 ተብሎ ሲጠየቅ አንደኛው 5 ረድፎች፣ ሌላኛው 6 ረድፎች ይሰጣል። እነዚህን ማስታወስ አሰልቺ ነው እንጂ አስቸጋሪ አይደለም። ጠንቀቅ የሚያስብለው ማጣሪያ ካለፈ በኋላ መለያዎቹ እንደነበሩ መቅረታቸው ነው። ከ100 በላይ የሆኑት 7 ረድፎች በአር ካሬ ቅንፍ ተመርጠው፣ ባዶዎቹ ከተወገዱ በኋላ፣ በግራ በኩል የሚይዙት ቁጥር ከ1 እስከ 7 አይደለም፤ 30፣ 62፣ 86፣ 99፣ 101፣ 117 እና 121 ነው። ይህ የተረሳ ቆሻሻ ይመስላል፤ ነገር ግን ረድፎቹ ከየት እንደመጡ የሚመሰክር ብቸኛ ማስረጃ ነው። ዲፕላየር ከ1 ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጥራቸዋል፤ ለዓይን ያምራል፣ ዱካው ግን ይጠፋል። ስለዚህ የራሱ መለያ ዓምድ የሌለው ሠንጠረዥ ሲገጥመኝ ማንኛውንም ማጣሪያ ከመጀመሬ በፊት ተራ ቁጥሩን እንደ ተራ ዓምድ እጨምርበታለሁ።

በተራ ቁጥር መምረጥ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የታወቀው ምሳሌ ከኢኮኖሚክስ የመጣ ነው። ካርመን ራይንሃርት እና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ባሳተሙት ጥናት የመንግሥት ዕዳቸው ከአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ የሚበልጥ አገሮች አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች፣ 0.1 በመቶ ቅናሽ እንደሆነ ጽፈው ነበር። በ2013 ቶማስ ሄርንደን፣ ማይክል አሽ እና ሮበርት ፖሊን የኤክሴል ፋይሉን አግኝተው ሲመረምሩት የአማካይ ቀመሩ የሚያካትተው ከረድፍ 30 እስከ ረድፍ 44 ያሉትን ብቻ ሆኖ አገኙት፤ መድረስ የነበረበት እስከ ረድፍ 49 ነበር። አምስት አገሮች፣ አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ፣ ከቀመሩ ውጭ ቀርተዋል። የተስተካከለው አማካይ 2.2 በመቶ ሆነ። ለፍትሐዊነት ሲባል መነገር ያለበት፣ ከልዩነቱ አብዛኛው የመጣው ከዚህ ስህተት አይደለም፤ አንዳንድ ዓመታትን ከናሙናው የማስቀረትና ለአገሮች ክብደት የመስጠት ውሳኔዎች ድርሻቸው ይበልጣል። ሆኖም የትኞቹን ዓመታት ማስቀረት የሚለውም የረድፍ ምርጫ ነው። የቀመሩን ስህተት ዓለም ሁሉ ሲያወራው ያኛው የተነሳው በባለሙያዎች መካከል ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። በጣት ተጎትቶ የተመረጠ ክልል ለምን እዚያ እንደቆመ አይናገርም፤ በመስፈርት የተጻፈ ምርጫ ግን ቢሳሳትም እንኳ ምክንያቱ ይነበባል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ኤድጋር ኮድ በ1970 የዳታቤዞች መሠረት የሆነውን የሪሌሽናል ሞዴል ሲያቀርብ ረድፎችን ያሰባቸው ቅደም ተከተል እንደሌለው ስብስብ አድርጎ ነው፤ በዚያ አስተሳሰብ «የመጀመሪያዎቹ 10 ረድፎች» የሚባል ነገር ትርጉም የለውም። ኤስኪውኤል ዛሬም የመደርደሪያ ትእዛዝ ካልተሰጠው ረድፎቹን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያወጣ ቃል አይገባም። ዛሬ የሠራ «10 ብቻ አሳየኝ» ነገ ሌላ 10 ቢያመጣ ጥፋቱ የዳታቤዙ አይደለም።

ስለ እኩልነት መስፈርት ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ላንሳ። ከ0 እስከ 1 በ0.1 እየጨመረ በሚሄድ ዓምድ ውስጥ 0.3 የሆነውን ረድፍ በእኩል ምልክት ቢፈልጉት አይገኝም፤ ኮምፒውተሩ የያዘው ከ0.3 በአንዲት ቅንጣት የሚለይ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ አሥርዮሽ ቁጥሮች የሚነጻጸሩት በመቀራረብ ነው። ጽሑፍ በሚይዝ ዓምድ ላይ ደግሞ ከመጨረሻው ፊደል በኋላ የቀረ ባዶ ቦታ ረድፉን ከምርጫው ለማስወጣት ይበቃል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን ጸሐይ እና ፀሐይ ለአንባቢ አንድ ሆነው ለማሽኑ ሁለት መሆናቸውም ይጨመርበታል። ዓምዱን አስቀድሞ አንድ ወጥ ማድረግ እንጂ መስፈርቱ ላይ አማራጭ መደርደር አያዋጣም።

የማጣሪያው ቦታ በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል ውስጥ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። የኦዞን መጠን ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ምን ያህል እንደተለወጠ ማስላት ፈለግን እንበል። የጎደሉት ረድፎች ያስቸግራሉ በሚል መጀመሪያ እነሱን ብናስወጣና ከዚያ እያንዳንዱን ረድፍ ከቀደመው ብንቀንስ፣ በአንድ ቦታ ላይ 122 የሚያህል ጭማሪ እናገኛለን፤ ከ13 ወደ 135። የመጀመሪያው የጁን 20 ልኬት ሲሆን ሁለተኛው የጁላይ 1 ነው። በመካከላቸው የነበሩት 10 ያልተለኩ ቀናት በማጣሪያው ስለወጡ፣ ሁለቱ ረድፎች ጎረቤት ሆነው የ11 ቀን ለውጥ የአንድ ቀን ለውጥ መስሏል። በዚያው ሠንጠረዥ ከኦገስት 24 ወደ ኦገስት 25 ኦዞን ከ45 ወደ 168 ወጥቷል፤ 123 ጭማሪ፣ እውነተኛ የአንድ ሌሊት ለውጥ። ግራፉ ላይ እነዚህ ሁለት ዝላዮች ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱን የሠራው አየሩ ነው፣ ሌላውን የሠራው የእኛ ማጣሪያ ነው። ልዩነቱን መጀመሪያ አስልተን ማጣሪያውን ኋላ ብናደርገው የጁላይ 1 ለውጥ ኤንኤ ሆኖ ይቀራል፤ እንደዚያ መሆንም ነበረበት። ሁለቱም ስክሪፕቶች ተመሳሳይ መስመሮች አሏቸው፤ የተለያየው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው።

እነዚህን ሁሉ እያየሁ ስሄድ የያዝኩት ልማድ ቀላል ነው። መስፈርቱን ቅንፍ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ መጀመሪያ ራሱን የቻለ ዓምድ አደርገዋለሁ፤ ስም እሰጠዋለሁ፣ ከዚያም እቆጥረዋለሁ፤ ስንት እውነት፣ ስንት ሐሰት፣ ስንት አይታወቅም። ለኦዞን ምሳሌ 7፣ 109 እና 37። ሦስቱ ተደምረው የዋናውን ሠንጠረዥ 153 ካልሰጡ ወደፊት አልሄድም። በፓንዳስ ሲሆን ንጽጽሩ ሦስተኛውን መልስ ስለሚያጠፋው የጎደሉትን ለብቻ የሚያመለክት ዓምድ እጨምራለሁ። ቀጥሎ «አይታወቅም» የተባሉትን ከሌላ ዓምድ ጋር አስተያይቼ እቆጥራለሁ፤ የጁን ነገር የሚገለጠው በዚህች አንድ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ እመርጣለሁ። በሕክምና ሙከራዎች ዘገባ ላይ ይህ ግዴታ ከሆነ ቆይቷል፤ በ1996 የወጣው የኮንሶርት መመሪያ ስንት ሰዎች እንደገቡ፣ በየደረጃው ስንቶቹ እንደወጡና ለምን እንደወጡ በሥዕል እንዲታይ ይጠይቃል። ያንን ሥዕል የሚያስፈልገው የሕክምና ሙከራ ብቻ አይመስለኝም፤ ማንኛውም ሦስትና አራት ማጣሪያ ያለው ስክሪፕት ከእያንዳንዱ ማጣሪያ በፊትና በኋላ የረድፎቹን ቁጥር ቢያትም ዋጋው ጥቂት መስመሮች ናቸው።

የተመረጠውን ሠንጠረዥ በዋናው ስም ላይ መልሶ አለመጻፍም የዚሁ ልማድ አካል ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ በየመስመሩ የሚቀንስ ሠንጠረዥ፣ ስክሪፕቱ ከመካከል ተጀምሮ ሲሠራ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ለማወቅ ያስቸግራል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጨርሶ መቁረጥ አያስፈልግም። የመስፈርቱ ዓምድ እስካለ ድረስ ግራፉም፣ አማካዩም፣ ሞዴሉም በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሊሠራ ይችላል፤ 153ቱም ረድፎች እንዳሉ ይቀመጣሉ። ይህ የሚጠቅመው በተለይ የሥራ ባልደረባ መጥቶ ድንበሩ ለምን 100 ሆነ ብሎ ሲጠይቅ ነው። አንድ ቁጥር ይቀየርና ሁሉም እንደገና ይቆጠራል፤ ድንበሩ 80 ሲሆን ከዚያ በላይ የሆኑት ቀናት 16 ናቸው። «80ን ራሱን ጨምር» ከተባለ ደግሞ 17 ይሆናሉ፤ የተጨመረችውም ጁላይ 24 ነች፣ ልኬቷ ልክ 80።